ሴባስቶፖልን ማን ጎተተው?

መቅደላ አምባ ላይ የወጣ ሰው ሴባስቶፖልን በእጁ ሳይዳብስ መውረድ አይሆንለትም። እኔም ዳብሼዋለሁ። ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ይህ መድፍ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት ኖሮ ዛሬም እዚያው ነው። አምሳያው ደግሞ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚው ያየዋል።

መንገድ የመራኝ ጎረምሳ እንደለመደው ታሪኩን አነበነበልኝ። «ነጮች ሠሩት፣ አጼ ቴዎድሮስ አስጎተቱት» አለኝ። «እሺ፣ የጎተተውስ ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ሕዝቡ ነዋ!» ብሎ ሳቀብኝ። ጥያቄዬ የሞኝ ጥያቄ መሰለው።

እኔ ግን «ሕዝቡ» የሚባል ስም ያለው ሰው አላውቅም። እናንተስ አንባቢያን፣ ታውቃላችሁ?

ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ስለዚህችው «ሕዝቡ ነዋ» ነው። የጥንት ታሪክ ልተርክ አይደለም። ስለ ዛሬው የግንባታ ሳይታችን፣ ማን መሐንዲስ ተብሎ እንደሚከበር፣ ማን ጠይብ ተብሎ እንደሚሰደብ፣ ማን ደግሞ ባሬላ ተሸክሞ ስሙ እንደማይጠራ ነው የምጽፈው። በነገሩ ውስጥ የራሴም ጥፋት አለበት። እሱንም አልደብቅም።

ጋፋት ላይ የቀሩት

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። አጼ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ የመድፍ ማቅለጫ አቋቋሙ። ሥራውን የሰጡት ከስዊዘርላንድና ከጀርመን አገር ለመጡ፣ ወንጌል ሰባኪም የእጅ ባለሙያም ለሆኑ ሰዎች ነው። ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ከፖላንድ የመጣው ሞሪትስ ሃል፣ ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎ፤ የሁሉም ስም ተጽፎ ይገኛል። ሰዎቹ መድፍ ማቅለጥ የሚያውቁ አልነበሩም። «አናውቅበትም» ቢሉ ንጉሡ «ሞክሩ» አሏቸው። ሞከሩ፣ ከሸፈ። ደግመው ሞከሩ፣ ተሳካ። ፈረንጅም ቢሆን ከማኅፀን መሐንዲስ ሆኖ አይወጣም ማለት ነው።

ከእነሱ ሥር ደግሞ ሙያውን እንዲማሩ የአገሩ ልጆች ተመድበው ነበር። ወናፉን የነፋው፣ ከሰሉን ያከሰለው፣ ጭቃውን ያቦካው፣ የቀለጠውን ያፈሰሰው እጅ የማን እጅ ነበር? እኔ ባነበብኳቸው መጻሕፍት የፈረንጆቹን ስም እስከነሚስቶቻቸው አግኝቻለሁ። ወናፍ የነፋ የአንድ ኢትዮጵያዊ ስም ግን አላገኘሁም።

በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ሴባስቶፖልን በሠረገላ አስጭነው ወደ መቅደላ ተነሡ። ጉዞው ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። የጅዳንና የበሽሎን ገደል ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ዛሬ በመኪና ሲወረድ እንኳ ሆድ ይርዳል። ያን ገደል እየናዱ፣ እየደለደሉ፣ ሰባት ቶን ብረት አውርደው መልሰው አወጡት። ንጉሡ ራሳቸው ከጎህ ጀምሮ ድንጋይ ይፈነቅሉ እንደነበር በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ጽፈዋል። ከእንግሊዞች ጦር ጋር የመጣው ማርክሃም ሳይቀር፣ ጠላት ሆኖ ሳለ፣ ያን መንገድ አድንቋል። መንገዱን ያለ ዲግሪ የሠራው ወታደርና ባላገር ነበር፤ የሠራው ግን በዛሬ ቋንቋ ምሕንድስና ነው።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠዉ። ፈረንጆቹ ባለሙያዎች ከጄኔራል ናፒየር ጋር አገር ለቀው ወጡ። የጋፋት ሙያም አብሮ ወጣ። ለምን? ያስተማሯቸው የአገር ልጆች የት ገቡ? እኔን እንደሚመስለኝ፣ ያ ጋፋት ላይ ብረት ማቅለጥ የተማረ ልጅ ወደ መንደሩ ሲመለስ ማንም «መሐንዲስ መጣ» ብሎ አልተቀበለውም። ብረት የነካ እጅ በአገራችን ሌላ ስም ነበረውና!

ጠቢቡ እንዴት ጠይብ ሆነ?

የቋንቋ ሊቃውንት «ጠይብ» የሚለው ቃል ሥሩ «ጠቢብ» ነው ይላሉ። ልብ በሉ! ጠቢብ ማለት ዐዋቂ፣ ጥበበኛ ማለት ነው። እኛ ግን ጥበበኛውን ሰው ስድብ አደረግነው። ቀጥቃጭ አልነው፣ ቡዳ አልነው፣ ማታ ጅብ ሆኖ ይዞራል አልነው። ከዚያ ደግሞ ከውጭ «ኢንጂነር» የሚል ቃል አምጥተን ከስም ፊት እየለጠፍን እጅ እንነሣለን።

ቤተ እስራኤሎች ርስት እንዳይኖራቸው ከተከለከሉ ወዲህ ብረት ቀጥቅጠው፣ ሸክላ ሠርተው፣ ግንብ ገንብተው ነው ያደሩት። የጎንደር አብያተ መንግሥት ሲታነጹ እጃቸው እንዳለበት የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ወደ ወሎ ስንመጣም ነገሩ ከዚህ አይለይም። ገበሬው ቀን ማረሻውን ለጠይብ ያስቀጠቅጣል፣ ማጭዱን ያስላል። ማታ ልጁ ትኩሳት ሲነሣበት «ያ ጠይብ በላብኝ» ይላል። በዚህ ጉዳይ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ነው። በሰርግና በሐዘን የምንከባበረው ወሎዬዎች ጠይብን በማግለልም ተስማምተናል። ምነው በዚህ እንኳ ባልተስማማን!

አጼ ምኒልክ ነገሩ ከንክኗቸው በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነገሩ። ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማ ሠሪውን ሸማኔ እያላችሁ የምትሰድቡ ሁሉ አገር ታጠፋላችሁ፣ ሠሪን የሰደበ እኔን እንደሰደበ ይቆጠራል፣ ይቀጣል የሚል መንፈስ ያለው አዋጅ ነው። አዋጁ ከወጣ ከመቶ አሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ስድቡ ግን ዛሬም በሕይወት አለ። እንዴት አወቅህ ብትሉኝ፣ ስላየሁ ነው።

የሰረዝኩት ስም

ወደ ጋዜጣው ሥራ ከመግባቴ በፊት ያጠናሁት ቅየሳ ነው። ዲፕሎማዬን ይዤ ብዙ በር አንኳኳሁ። በመጨረሻ ያገኘሁት ሥራ የሰዓት መዝጋቢነት ነበር፤ ሳይት ላይ «ታይም ኪፐር» የሚሉት። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ቦረና ወረዳ ውስጥ፣ ከመካነ ሰላም ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ተቋራጭ ሕንፃ ሲያሠራ ማለት ነው። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚደረግበት ድርጅት አንድ ብቻ አይደለምና።

እዚያ ሳይት ላይ አንድ በያጅ ነበር። ዕድሜው ወደ አምሳ ይጠጋል። አባቱም አያቱም ብረት ሠሪዎች ናቸው። ትምህርቱ አራተኛ ክፍል ነው። እጁን ግን ማየት ነበረባችሁ! ሚክሰሩ በተበላሸ ቁጥር ዲግሪ ያላቸው ልጆች ስልክ ይዘው ወደ ደሴ ሲደውሉ እሱ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጠዋል። «ቡሽኔታው አልቋል» ይላል። ከወዳደቀ ብረት ራሱ ቀጥቅጦ ሠርቶ ይገጥመዋል። በሰዓቱ ሚክሰሩ ይዞራል።

ምሳ ሲቀርብ ግን ለብቻው ነው። ግንበኛው፣ አናጢው፣ ፌራዮው ሁሉ ትሪ ከበው ይበላሉ፤ እሱ ራቅ ብሎ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀምጦ ከቤቱ ያመጣውን ይበላል። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ና እንጂ እንብላ» አልኩት። ትሪውን የከበቡት ሰዎች እጃቸውን ሰበሰቡ። እሱም አየና «ተወው ልጄ፣ አብሽር፣ ለምጄዋለሁ» አለኝ። እኔም ተውኩት። ይህ የመጀመሪያው ጥፋቴ ነው።

ሁለተኛው የባሰ ነው። አንዲት ባሬላ ተሸካሚ ልጅ በጠራራ ፀሐይ ራሷን ስታ ወደቀች። ምግብ ሳትበላ ነበር የመጣችው፤ እኔ ዐውቃለሁ። ሰዎቹ ግን «ተበልታለች» አሉ። ጭስ አጨሱባት፤ ለፈለፈች ተባለ፤ የማን ስም እንደወጣ መገመት አያዳግትም። በማግሥቱ ማለዳ የቀን ሠራተኛው «እሱ ካልሄደ ሥራ አንገባም» ብሎ ቆመ። ካቦው ወደ እኔ መጣና «ስሙን ሰርዘው» አለኝ። «ለምን? ምን አጠፋ?» አላልኩም። ብዕሬን አውጥቼ ሰረዝኩት። የሠራበት የአምስት ቀን ሒሳቡም በዚያው ቀረ። ሰውዬው መሣሪያውን በጆንያ አድርጎ፣ ማንንም ሳይሰናበት፣ መንገዱን ያዘ።

አራት ቀን አልቆየም፤ ሚክሰሩ ኮንክሪት በሆዱ እንደያዘ ቀጥ አለ። ከደሴ ባለሙያ እስኪመጣ ሦስት ቀን ተጠበቀ። በአካፋ አውጡት ሲባል ሰው ሁሉ ለአበል ሲከራከር ኮንክሪቱ ከበሮው ውስጥ ድንጋይ ሆነ። በመሮ ተፈልፍሎ ወጣ። እንግዲህ ማን ነው የተበላው? ድርጅቱ አይደለም ወይ?

ባሬላ ለሴት፣ ሳይት ለወንድ

በዚያው ሳይት በሲቪል ኢንጂነሪንግ የተመረቀች አንዲት ልጅ ተቀጥራ መጣች። የተቀጠረችው ለሳይት መሐንዲስነት ነው። የፕሮጀክቱ ኃላፊ አያት አያትና «እዚህ ገደል ላይ ሴት ምን ትሠራለች? ይህ ሥራ ለሴት ይከብዳል። ቢሮ ተቀመጪ፣ ሪፖርት ታይፕ ታደርጊያለሽ» አላት።

ይህን ሲናገር ከጀርባው ሴቶች ጥንድ ጥንድ እየሆኑ እርጥብ ኮንክሪት በባሬላ ተሸክመው መወጣጫውን ይወጡ ነበር። አንዷ ልጅዋን በጀርባዋ አዝላለች። «ለሴት ይከብዳል» ማለት ይሄ ነው! ባሬላው አልከበዳትም፤ የከበዳት ፕላን ማንበቡ ነው! ኧረ እንተዛዘብ ወገን!

ልጅቱ ቢሮ ተቀምጣም ዝም አላለችም። አንድ ቀን ሳይፈቀድላት ወጥታ የኮለኑን ፌሮ ለካች። ፕላኑ ላይ ስታፋው በአሥራ አምስት ሳንቲም እንዲታሰር ታዟል፤ የታሰረው ግን በሃያ አምስት ነው። ለኃላፊው ጻፈች። «አንቺ ልጅ፣ ሥራሽን ሥሪ» ተባለች። በሁለተኛው ወር ለቅቃ ሄደች። ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ አማካሪው መጥቶ አንዱን ኮለን አስፈልፍሎ አየና «ይፍረስ» አለ። ያ ሁሉ ሲሚንቶ፣ ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ሁሉ የሴቶች ላብ ፈርሶ ተጣለ። ልጅቱን ይቅርታ የጠየቃት ግን የለም።

ሕጉ የለም እንዳይባል አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል። አንቀጽ 35 ሴቶች በሥራ ቅጥር፣ በዕድገትና በክፍያ እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156ም በፆታ፣ በብሔር፣ በሃይማኖትና በፖለቲካ አመለካከት ሠራተኛን መለየት ይከለክላል። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከመቶ ሰባው ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲማር ብሎ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆችን ወደ ምሕንድስና ላከ። እዚሁ በእኛ አገር መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢ ከፍቷል። መልካም ነው፤ እንኳን ከፈተ። ግን አስተምሮ ሳይት በር ላይ መመለስ ምን የሚሉት ልማት ነው? አንዲት የገበሬ ልጅ እናት አባቷ በሬ ሸጠው አምስት ዓመት ተምራ ለታይፕ ጸሐፊነት ከሆነ፣ በሬው በከንቱ ተሸጠ ማለት አይደለም?

«አገርህ የት ነው?»

ሌላም አለ። ሥራ ፈላጊ መሐንዲስ ቃለ መጠይቅ ሲገባ የሚጠየቀው ስለ ጭነትና ስለ መሠረት ብቻ አይደለም። ወሬ በማስመሰል «አገርህ የት ነው? የማን ልጅ ነህ?» ይባላል። ለረጅም ዓመታት በቀበሌ መታወቂያችን ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ነበረ። በኢሕአዴግ ዘመን የድርጅት አባልነት ነገር ለሥራ እንደሚጠየቅ የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ጽፈውበታል። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ የትግራይ ተወላጆች በማንነታቸው ብቻ ከሥራ መታገዳቸው ተዘግቧል። በወለጋና በመተከል ደግሞ አማሮች በማንነታቸው ተገድለዋል፣ ተፈናቅለዋል። እኔ የወሎ ሰው ስለሆንኩ የወገኔን ብቻ አልቅሼ የሌላውን ብዘል ጽሑፌ ውሸት ይሆናል።

ጠይቡን ከትሪው ያራቀውና ሠራተኛን በብሔሩ የሚለየው በሽታ አንድ ነው። ሁለቱም የሚጠይቁት «ምን ትችላለህ?» ሳይሆን «ከማን ተወለድህ?» ብለው ነው። ከቦረና ቆላ ሥር የሚያልፈው አባይ ጉባ ላይ ተገድቦ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ሁላችንም ደስ አለን። ያ ኮንክሪት ሲሞላ «የማን ልጅ ሞላው?» ብሎ የጠየቀ ውኃ አላየሁም። ውኃ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግንቡ ጠንክሯል ወይስ አልጠነከረም?

ጃፓንም በአዋጅ ብቻ አልዳነችም

አጼ ቴዎድሮስ በሞቱበት በዚያው በፈረንጆች 1868 ዓመት ጃፓን የሜጂን ለውጥ ጀመረች። የእኛ ምሁራን «ጃፓን ከእኛ እኩል ተነሥታ የት ደረሰች!» እያሉ ሲቆጩ ኖረዋል። እውነት ነው፤ ጃፓንም እንደ ቴዎድሮስ የውጭ ባለሙያ አስመጥታለች። በ1873 ሄንሪ ዳየር የተባለውን ስኮትላንዳዊ አምጥታ የምሕንድስና ኮሌጅ አስመራችው። ልዩነቱ ፈረንጁ ሲሄድ ጃፓናዊው ቦታውን መያዙ ነው። የተማረው ልጅ ተከብሮ ሥራው ላይ ቀረ።

ግን ጃፓንም የራሷ «ጠይብ» ነበራት። ቆዳ ፋቂውና ከብት አራጁ እንደ ርኩስ ተቆጥሮ በተለየ መንደር ይኖር ነበር። በ1871 መንግሥት ይህ ልዩነት ቀርቷል ብሎ ዐወጀ። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1975፣ ምን ተገኘ መሰላችሁ? የእነዚያን መንደሮች ስም የያዘ ዝርዝር በድብቅ ታትሞ ይሸጥ ነበር። ገዢዎቹ ትልልቅ ኩባንያዎች ናቸው። ሥራ ፈላጊው ከየትኛው መንደር እንደመጣ እያዩ ሊጥሉት! እነሱ በመጽሐፍ የያዙትን እኛ በሐሜት ይዘነዋል። ልዩነቱ ይኼው ነው። አዋጅ ጥሩ ነው፤ ግን ቀጣሪው ቢሮ ውስጥ ያለውን ልማድ ተከታትሎ የሚይዘው ከሌለ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ምን ይደረግ?

«ኮታ ጥራት ይገድላል» የሚሉ ሰዎች እንዳሉ ዐውቃለሁ። እኔም ያልቻለ ይቀጠር አላልኩም። እኔ ያየሁት ሳይት ላይ ጥራት የገደለው የቻለውን ማባረር ነው። ስለዚህ የምጠይቀው ምጽዋት አይደለም።

አንደኛ፣ ቅጥር በፈተና ይሁን፤ የፈተናው ወረቀት ስም የሌለበት፣ ቁጥር ብቻ ያለበት ይሁን። «የማን ልጅ ነህ?» የሚል ጠያቂ ይጠየቅበት። ሁለተኛ፣ ሳይት ላይ ለሴቶች መጸዳጃና ልብስ መቀየሪያ፣ በእግራቸው ልክ የሆነ ቦት ጫማ ይቅረብ። አንድ ኮለን ከማፍረስ ይህ ይረክሳል። ሦስተኛ፣ የሲኦሲ ምዘና የሚባለው ነገር ከተማ ላይ አይቅር። በልምድ የተማረው ብረት ሠሪ በእጁ ተመዝኖ፣ የምስክር ወረቀቱን ይዞ፣ በባለሙያ ደመወዝ ይቀጠር። አራተኛ፣ ሕንፃ ሲመረቅ እብነ በረድ ላይ የሚጻፈው የባለሥልጣኑ ስም ብቻ አይሁን። የበየደው፣ ፌሮ ያሰረው፣ ባሬላ የተሸከመችው ስማቸው ይጻፍ። ቦታ አይበቃም የሚል ካለ የባለሥልጣኑን ማዕረግ ያሳጥርልን!

ለራሴም የቀረኝ ዕዳ አለ። ያን በያጅ ፈልጌ አላገኘሁትም። አንዳንዱ ወደ ወግዲ ሄደ ይላል፣ አንዳንዱ አዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ አየሁት ይላል። ይህን ጋዜጣ የሚያነብለት ሰው ካለ፣ ጋሼ፣ ስምህን የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ምንም እንዳላጠፋህ እያወቅሁ ነው የሰረዝኩት። ልጅቱ የወደቀችው ርቧት ነበር። የአምስት ቀን ሒሳብህንም አልረሳሁትም።

ሴባስቶፖልን የጎተተው «ሕዝቡ» አይደለም። ስም ያለው ሰው ነው የጎተተው፣ ስሙን የሰረዘ ሌላ ሰው ነበረ።

ልብ ያለው ልብ ይበል!